አምስተኛው ኮት

ወንድሟ «እሷን እንኳን ሐኪም ከልክሏታል» ሲል ልብስ ሰፊዋ አፏ ሙሉ ስፒል ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማው መቼም መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ነው። መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ የወንድሟን ሚስት ኮት ጫፍ ዙሪያውን እየለካች ታጥፋለች፤ አምስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስድስተኛውን ጨርቁ ላይ ትሰካለች። ወንድሟ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ በስልክ ያወራል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። «ኧረ ጌታዬ፣ ምንም አይጨነቁ፤ መኪናው ላይ ቦታ አለ። አምስተኛዋ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እሷን እንኳን ሐኪም ከልክሏታል። አራት ሺህ ሜትር ቀልድ አይደለም፤ አየሩ ይሳሳል፣ የሷ ልብ አይችለውም። እርስዎ ብቻ ይምጡልን፤ ለኛ ክብር ነው።» ጌታዬ የሚለው የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ነው።

ልብስ ሰፊዋን ሐኪም ካያት ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ያኔም የሄደችው የስፌት መኪናው መርፌ አውራ ጣቷን በስቶ እዚያው ስለተሰበረባት ነው እንጂ ልቧን ብላ አይደለም።

የወንድሟ ሚስት ድምፁን ለመሸፈን ብላ፣ «እትዬ፣ ትንሽ አልረዘመብኝም?» አለች ጮክ ብላ። ይህች ሴት ሲቸግራት «እርስዎ»፣ ሳይቸግራት «አንቺ» ነው የምትላት። ልብስ ሰፊዋ አልመለሰችላትም፤ በምን አፏ! ነገር ግን ሰው እግር ሥር ተንበርክኮ የሚውል ሰው የሆድን ነገር ከእግር ያነባል፤ የሚስቲቱ ጣቶች ምንጣፉን ቆንጠጥ አድርገው ይዘውት ነበር። ነገሩን ቀድማ ታውቅ ኖሯል ማለት ነው።

ጉዞው ከታሰበ አራት ወር ሆኖታል። አባታቸው የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፤ በየቀኑ የዘነበውን ዝናብ በብርጭቆ እየለካ፣ ብርዱን እያነበበ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር። ጣቢያው ያለው መኪና ሄዶ ሄዶ በሚያበቃበት፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ብቻ በሚወጣበት ተራራ ላይ ነው። እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህንን ነው። አሁን ወንድሟ፣ መሐንዲሱ፣ እጁ ገንዘብ ሲገባና ጸጉሩ ሸበት ማለት ሲጀምር፣ «የአባባ መቃብር እንዴት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስም ሳይጻፍበት ይቀራል!» ብሎ ተነሳ። እብነ በረድ አስቀረጸ፣ መኪና ተከራየ፣ የራስ ምታት ክኒኑንና ወፍራም ካልሲውን ሳይቀር በዝርዝር ጻፈ። ተጓዦቹ አምስት ነበሩ፦ እሱ፣ ሚስቱ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ታናሽ እህታቸው፣ የታናሿ ባልና ልብስ ሰፊዋ። የብርዱን ልብስ የምትሰፋው ያው እሷ ናት። አምስት ወፍራም ግራጫ ኮት። የአራቱን ጨርሳ የቀራት ጫፍ ማጠፍ ብቻ ነው፤ የራሷ ግን ገና ተቆርጦ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተነባብሮ ተቀምጧል። የራሷን ሁልጊዜ መጨረሻ ታደርጋለች።

ወንድሟ ስልኩን ዘግቶ ሲገባ፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መሰኪያው ላይ ሰካች።

«የትኛው ሐኪም ነው?» አለችው።

«እ?»

«የከለከለኝ። ስሙን ብትነግረኝ ሄጄ ላመሰግነው ብዬ ነው።»

ፊቱ ቅላት ለበሰ፤ ከዚያ ሳቅ አለ። «እታለም ደግሞ! እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ የኛን ደረጃ ስትወጪ ራሱ ታለከልኪያለሽ። በዚያ ላይ ጉልበትሽ አለ። እዚያ ተራራ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚብን ምን ይውጠናል? ላንቺው ብዬ እኮ ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። ይህ ግን ሰውን ከመኪና ላይ ሲያወርድ እንኳ የሚያዝንለት ይመስለዋል። ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ሁሉም በቁጥር ሰፍሯል። «አለቃዬ ተራራ ነፍሱ ነው። ጉዞውን ሲሰማ ጊዜ ልሂድ አለ፤ እንዴት እምቢ እላለሁ? እና ... ኮት የለውም።»

ሚስቱ ቀበል አድርጋ፣ «የክፍል ኃላፊው ቦታ እኮ ክፍት ነው እትዬ፤ ከሰው ሁሉ እሱን ቢያስበው ብለን ነው» አለች። ከዚያም እንደ ዘዴ የመጣላት መስሏት፣ «ለእርስዎ የተቆረጠው ጨርቅ አለ አይደል? እሱኑ ሰፋ ቢያደርጉት?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አየች። ደረቱ መቶ አሥራ ስምንት። እንደሷ ያለ ሁለት ሰው ይይዛል። «ትከሻውን ለራሴ ነው የቆረጥኩት፤ ለሱ አይደርስም» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ካልሄድኩ መቃብሩን ማን ያሳያችኋል?» ብላ ጠየቀች።

«ንድፍ ትሥይልናለሻ! ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም እዚህ ነን፤ ቁጭ ብለሽ በወረቀት ላይ ታሳዪናለሽ። ዛፉን፣ ነጩን ድንጋይ፣ ሁሉንም። እኛ እንፈልገዋለን» አላት። እሷ ግን እንዳይፈልጉት ነበር መሄድ የፈለገችው።

እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ዛፍ የለም፣ ነጭ ድንጋይ የለም፣ መቃብር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ተራራው ላይ በተመደበ በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ቆመ፤ ቀጥሎ ደመወዙ ቆመ። አሥራ አንድ ወር ድምፁ ሲጠፋ እናታቸው የአራት ዓመቱን ወንድ ልጅና የሁለት ዓመቷን ሴት ልጅ ጥላ መሄድ ስላልቻለች ትልቋን ላከቻት። ትልቋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አንዲት የሴት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ትማራለች። ለአባቷ ብላ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ኮት ሰፋችለት፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ኮት። ሁለት ቀን በጭነት መኪና፣ አንድ ቀን በበቅሎ ሄዳ ስትደርስ ጣቢያው በር ላይ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት አገኘች። ከሴቲቱ ኋላ አባቷ የዝናብ መለኪያ ብርጭቆውን እንደያዘ ብቅ አለ። ወደ ቤት አላስገባትም። ከጣቢያው ጀርባ ይዟት ሄዶ፣ «ሞቷል በያቸው» አላት። «ለእናትሽም የሚሻላት ይኼ ነው። ሞቷል ብለሽ ንገሪያቸው።» እሷ ኮቱን ሰጠችው። ለበሰው። ለበሰና ቁልፎቹን በእጁ ሲፈልግ ሳቀ። «ይኼ እኮ የሴት ነው!» አለ። እውነቱን ነበር። የወንድ ኮት ቁልፉ በቀኝ በኩል፣ የሴት በግራ ነው፤ እሷ ደግሞ የሴት እንጂ የወንድ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። ቀዳዳውንም ቁልፉንም ገልብጣ ሠርታዋለች። አባቷ ግን አላወለቀውም፤ እንደዚያው ቆለፈውና በእጁ ደረቱን መታ መታ አድርጎ «ይሞቃል» አለ። በዚያው በቅሎ መለሳት።

ቤት ስትደርስ እናቷ በሩ ላይ ቆማ፣ «በሕይወት አለ?» አለቻት። አንዲት ጥያቄ። ልጅቷ ሦስት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን እውነት ትታ «ሞቷል» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሆነባት። የት ተቀበረ? ዛፍ ሥር። ማን ቀበረው? መንደርተኛው። ምን አደረጉበት? ነጭ ድንጋይ። የጠየቋትን ሁሉ መለሰች፤ የመለሰችውን ሁሉ በልቧ ያዘች። ከመሥሪያ ቤቱ «ሥራውን ያለ ፈቃድ ጥሎ ሄዷል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረችና አቃጠለችው። ትምህርቷን ተወች፤ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹን በመርፌዋ አሳደገች። እናታቸው ሰባት ዓመት ጥቁር ለብሳ፣ የሚፈልጋትን ደህና ሰው «ባሌ አፈሩ አልደረቀም» ብላ መልሳ፣ በጥቁሯ ሞተች። ያቺ ጥቁር ቀሚስ የልብስ ሰፊዋን አንጀት እስከዛሬ ትበላለች። እናቷ ያንን ሰውዬ ባልመለሰችው ነበር፣ እውነቱን ብትነግራት ኖሮ።

እንግዲህ ጉዞው ሲታሰብ የቆረጠችው ሐሳብ ይህ ነበር። አብራ ትሄዳለች፤ መንደሩ ሲደርሱ ቀድማ ትወርዳለች፤ ካረጁት መቃብሮች ባለቤት የሌለው የሚመስለውን አንዱን መርጣ «ይኸው» ትላለች። ዛፉ የት አለ ካሏት ቆርጠውታል ትላለች። እብነ በረዱን ያስቀምጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ማንንም ሳያናግሩ ይዛቸው ትመለሳለች። ያለሷ ከሄዱ ግን የመጀመሪያውን መንደርተኛ ጠይቀው ጉዱ ይፈላል። ማን ያውቃል፣ እዚያ ወንድሞችና እህቶችም ይኖሯቸው ይሆናል። እና ሰውየው ራሱ ... ቢኖር ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። ይኖር ይሆን? ይህን ለራሷም ጠይቃ አታውቅም።

ከወንድሟ ቤት ወጥታ በቀጥታ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከልክሏታል ከተባለ አንድ ሐኪም ይያትና ይከልክላት እንጂ! ካርድ አወጣች፤ ከአንድ ሳል ከያዘው ሽማግሌና ጥርሷን ካመማት ሴት መሀል አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ቀለሙ ያለቀባቸው ይመስላል። ጥርሷን ያመማት ሴት የልብስ ሰፊዋን ሜትር አንገቷ ላይ አይታ፣ «የልጄ ቀሚስ ዚፑ ተበላሽቶ ነበር፤ ስንት ታስከፍያለሽ?» አለቻት፤ ዋጋ ስትነግራት ጥርሷን ረስታ ተከራከረቻት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደም ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለካች፣ ልቧን አዳመጠች፣ ሦስት ጊዜ ደረጃ አስወጥታ አስወረደቻት። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ከፍታ ቦታ ልሄድ ነው፤ አትችይም ብለውኝ።»

«እነማን?»

«የምወዳቸው ሰዎች» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሐኪሟ ሳቀች። «የደም ግፊትሽ ከኔ ይሻላል። ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ አለቀ» ብላ በወረቀት ጽፋ ማኅተም አደረገችላት። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በሕይወቷ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ስትይዝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን አቃጥላዋለች።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ግማሹ ስፌት ቤት፣ ግማሹ አልጋ፣ መሀሉ መጋረጃ። በሩ ወደ መንገድ ስለሚከፈት ሰው ሲያልፍ ሁሉ «እንዴት ዋልሽ» ይላታል፤ እሷም ቀና ሳትል «ደህና» ትላለች። እስከ አሥር ሰዓት ተኩል የታናሿን ባል ኮት ስትዘመዝም ዋለች። የገበር ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ በእጥፍ ጨምሯል፤ ከነጋዴው ተጨቃጭቃ ነው የገዛችው፤ ለወንድሟ ግን አልነገረችውም። ወንድሟም አልጠየቀም። ሲያድግም እንዲሁ ነበር፤ ጫማ ሲጠበው ሌላ ጫማ ይመጣል፣ ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም። የራሷ ኮት፣ ሁለቱ ፊቶች፣ ጀርባው፣ እጅጌዎቹ፣ በጠመኔ እንደተሰመረባቸው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተነባብረዋል። አንዴ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። አይ፣ ይሄ ኮት አለቃ አይሸከምም። እኔው ነኝ የምለብሰው ብላ መልሳ አስቀመጠችው፤ የተጨረሱትን ተሸክማ ወጣች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወንድሟ ሳሎን ሞልቷል። ታናሿ ቀድማ መጥታለች፤ ባሏ ሶፋው ላይ ስልኩን ይነካካል። ሻይ ቀርቧል። እብነ በረዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ታናሿ ገልጣ ታነባለች፣ ታነብና ዓይኗ እንባ ይሞላል። «በሥራው ላይ ሳለ ያረፈ፣ ለልጆቹ የኖረ መልካም አባት» ይላል። ልብስ ሰፊዋ አንዴ አነበበችው፤ ሁለተኛ ወደዚያ ጥግ አላየችም።

«እታለም፣ እስቲ እንደ ልጅነታችን ንገሪን» አለች ታናሿ። «ዛፉ እንዴት ነበር?»

«ዛፍ ነዋ።»

«አይ፣ እንደዚያ አይደለም! ብቻውን የቆመ፣ ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው ትይን ነበር እኮ። እኔ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያን ዛፍ ነበር የማስበው።»

ልብስ ሰፊዋ ለዚህች ልጅ ስትል ነው ዛፉን ያበቀለችው። ደረቷ ውስጥ እጇን አስገብታ ወረቀቱን አወጣችና ለወንድሟ ሰጠችው። «ተመርምሬ መጣሁ። አትችይም ያለኝ ሐኪም የለም። ይኸው ማኅተሙ።»

መሐንዲሱ አነበበ። ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ የሻይ ስኳር ማማሰል ጀመረች። ባለ ስልኩ እንኳ ቀና አለ። «ጎሽ!» አለ መሐንዲሱ በመጨረሻ። «ጤነኛ መሆንሽ እንዴት ደስ ይላል! ... ግን እታለም፣ ለሰውየው ቃል ገብቻለሁ። አሁን በምን አፌ ይቅርብዎ እለዋለሁ? እዚህ ቤት ሁላችንም የምንበላው ከዚያ ሥራ ነው። ሌላ ጊዜ አንቺን ለብቻሽ እወስድሻለሁ፤ አይኔን ግንባር ያርገው።» ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ የሻይ ብርጭቆውንም ከላዩ አስቀመጠ። እርጥብ ክብ ማኅተሙ ላይ ወጣ።

ታናሿ «ለምን እኔ አልቀርም ታዲያ?» አለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እሺ ባይ እንዳይገኝ። አልተገኘምም። ሚስቲቱ ሻዩን ማማሰል ቀጠለች።

መሐንዲሱ ነጭ ወረቀትና እርሳስ አመጣ። «በይ ንደፊልን። ባይሆንም ችግር የለም፤ እዚያ የሚቀበለን ሰው አግኝቻለሁ። በቅሎ የሚያከራይ ሽማግሌ ነው፤ ተራራው ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ትናንት ደውዬለት ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ አባባን ያውቀዋል!»

ልብስ ሰፊዋ እርሳሱን እንደያዘች ቀና አለች። «ምን አለህ?»

«እዚያ የአየር ጠባይ ጣቢያ ይሠራ የነበረ ሰው መቃብር እንፈልጋለን፣ ልጆቹ ነን አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ ‹ስንት ናችሁ?› አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ትልቋ ልጅስ ትመጣለች?› አባባ ስላንቺ ያወራለት ነበር ማለት ነው። አይ፣ እሷ አልቻለችም፣ ሐኪም ከልክሏታል አልኩት። ከዚያ፣ ‹እንግዲያው ኑ፤ መቃብሩን እኔ አሳያችኋለሁ› አለኝ። ደግ ሰው ነው። ይኸው፣ ከዚህ በፊት የሄዱ ሰዎች ያነሱት ፎቶ።»

ስልኩን ሰጣት። ሁለት በቅሎዎች መሀል አንድ ሽማግሌ ቆሞ ይስቃል፤ ከኋላው «በቅሎ ይከራያል» የሚል ሰሌዳ አለ። ፊቱ ተጨማዷል፣ ጥርሱ ጎድሏል፤ ከፊቱ ላታውቀው ትችል ነበር። ኮቱን ግን አወቀችው። ኧረ እንዴት አታውቀው! ክርኑ ላይ በቆዳ ተጥፏል፣ ጫፉ ተበልቶ ሌላ ጨርቅ ተቀጥሎበታል፣ ቀለሙ እንደ አመድ ሆኗል፤ ቁልፎቹ ግን በግራ በኩል ናቸው። ፎቶው ተገልብጦ ይሆናል ብላ ሰሌዳውን ደግማ አነበበች። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ፎቶው አልተገለበጠም። የተገለበጠው ኮቱ ነው፤ የገለበጠችውም እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለብሶታል።

በመጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ በሕይወት አለ፣ ኮቴም ይሞቀዋል። ደስታው ግን እፍ እንዳሉት ክብሪት ነው የሄደው። መቃብሩን እኔ አሳያችኋለሁ? ትልቋ እንደማትመጣ ካረጋገጠ በኋላ! እሷ እዚህ ቁጭ ብላ ያቆመችለትን መቃብር እሱ እዚያ በጣቱ ሊያሳይ ነው። ልጆቹን በቅሎ ላይ አውጥቶ፣ ልጓሙን ይዞ፣ ፊታቸውን ጠግቦ እያየ፣ የማንን እንደሆነ እግዜር በሚያውቀው አፈር ላይ ሲያለቅሱለት አጠገባቸው ሊቆም ነው። ይህን ሁሉ እሱ ሲያገኝ እሷ ምን አገኘች? ከመኪናው እንኳ ወረደች።

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «ይሄ አባታችሁ ነው» ብትል አለቃው ይቀራል፣ ክቡር ጌታዬ ይቀራል፤ ማንም ከዚያ መኪና ላይ ሊያስቀራት አይችልም። አፏ ባዶ ነው፤ አሁን ስፒል የለበትም። ነገር ግን ቀና ስትል ታናሿን አየች። ታናሿ ፎቶውን በትከሻዋ በኩል አጎንብሳ እያየች፣ «ደስ የሚል ሽማግሌ! አባባ ቢኖር ይሄኔ እንደዚህ ይሆን ነበር» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ የዛፉን ነገር አሰበች፣ የእናቷን ጥቁር ቀሚስ አሰበች። በዚህ ቤት ሰው ሁሉ ፊት «ለምን ዋሸሽን?» የምትባለው እሷ እንጂ እሱ አይደለም።

ስልኩን መለሰች። እርሳሱን ነጩ ወረቀት ላይ አስቀመጠችው።

«ንድፍ አያስፈልጋችሁም» አለች። «ያንን መቃብር ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«አላልኩም!» አለ ወንድሟ፤ ተንፈስ አለ። ነገሩ በሰላም ያለቀለት መስሎታል። «ለሽማግሌው የምትይው ካለ እነግረዋለሁ።»

«አለ። እብነ በረዱን ካስቀመጣችሁ በኋላ ንገረው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ‹ትልቋ፣ ንገሪያቸው ያልከኝን ነግሬያቸዋለሁ ብላሃለች› በለው።»

«ንገሪያቸው ያልከኝን ... ነግሬያቸዋለሁ» አለ መሐንዲሱ እንዳይረሳው በስልኩ ላይ እየጻፈ። «ይኼው ብቻ?»

«ይኼው ብቻ።»

ታናሿ ኮቷን ልትለካ ለብሳ መሀል ወለል ላይ ቆማለች። «ምን ንገሪያቸው ብሎሽ ነበር እታለም?»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ታናሿ እግር ሥር ተንበረከከች። የስፒል መሰኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ስፒሎቹን ነቀለች፤ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ አምስቱንም በከንፈሯ መሀል ነከሰች። ታናሿ ጎንበስ ብላ፣ «ንገሪና፣ ምን አለሽ?» ብላ ደግማ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ወደ አፏ አመለከተችና የኮቱን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።